ሻምበሉ ላይ መድገም

ሻምበሉ «ፓስ» የሚባል ቃል አያውቁም ነበር። ካርታው ታድሎ ሳያልቅ «ጨመርኩ!» ይላሉ። «ሻምበል፣ ኧረ ገና ሦስት ካርታ ነው የደረሰዎት» ስንላቸው «ሦስቱ ይበቃኛል» ይሉናል። ጡረታ የወጡ መኮንን ናቸው። ሐረር ላይ ሲያገለግሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ አገራቸው መመለሱን ትተው አቦከር አካባቢ ቤት ይዘው ቀሩ። ጣታቸው ወፍራም ነው፤ ድምፃቸው ደግሞ ከጣታቸው የባሰ ወፍራም። እኔ በዚያን ጊዜ፣ በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ለሥራ ከደጋ ተመድቤ የመጣሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ነፋስ ሲነሳ ግድግዳ ይዤ የምሄድ ቀጫጫ። ዛሬ ሆዴን የሚያይ ሰው ይህን አያምንም። አትመኑኝ፣ ግን አንብቡ።

እሳቸው ቤት መሄድ የጀመርኩት ለካርታ ብዬ አይደለም። ለልጃቸው ብዬ ነው። ልጃቸው የትምህርት መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ነበረች፤ የትምህርት ቤታችንን ፈተና በማባዣው ስቴንስል ላይ የምትመታልን እሷ ነች። እሷን ለማየት ሌላ ሰበብ ስላልነበረኝ ፈተና አወጣለሁ። በዚያ ዓመት የእኔ ተማሪዎች ስለ ዋቢ ሸበሌ ያልተጠየቁት ነገር የለም። ከየት ይነሳል፣ የት ይደርሳል፣ ለምን ባሕር አይገባም፤ ወንዙ ራሱ ስለ ራሱ ያን ያህል አያውቅም። እሷ ሁለተኛውን ፈተና ስትቀበለኝ ሳቀች፤ አራተኛው ላይ ግን ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባን ታውቃቸዋለህ?» አለችኝ።

«በድምፅ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ በአቦከር ያለፈ ሰው ሁሉ በድምፅ ያውቃቸዋል።

«ካርታ ትችላለህ?»

«እንዴታ!»

አልችልም ነበር። ማለቴ፣ ንጉሡን ከንግሥቲቱ እለያለሁ፤ አንዷ ጢም የላትም።

«እሁድ እሁድ ከቀበሌ ስብሰባ መልስ እኛ ቤት ይጫወታሉ» አለችኝ። «አባባ አብሯቸው ያልተጫወተን ሰው ከሰው አይቆጥሩም።» ይህን ብላ ወደ መተየቢያዋ ተመለሰች። እኔ ግን ደረጃውን ስወርድ እግሬ መሬት አልነካም።

እንዲህ ነው የገባሁበት።

ጨዋታው ፖከር ነው። የምንጫወተው ግን በገንዘብ አልነበረም። ይህን ያስከበሩት ሐጂ ናቸው። ሐጂ የእኔ አከራይ ናቸው፤ ጀጎል ውስጥ ግቢያቸው ካለች አንዲት ክፍል ነበር የምኖረው። ሱቅ አላቸው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ድሬ ጠያራ ደግሞ ማሳ አላቸው፣ ከሻምበሉ ጋር የረጅም ጊዜ ወዳጆች ናቸው። ሐጂ ካርታ አይነኩም፤ ቁማር ሐራም ነው። ግን እሁድን ያለ ሻምበሉ ማሳለፍም አይሆንላቸውም። ስለዚህ ዳኛ ሆኑ። ከማሳቸው ለውዝ ያመጡና ለያንዳንዳችን በሻይ ብርጭቆ እየሰፈሩ ያድሉናል። የምንወረውረው ለውዝ ነው። ሲያልቅ ሁላችንም ቁጭ ብለን እንበላዋለን። «ፍራንክ ያየሁ ዕለት፣ ወላሂ፣ ጫማዬን አድርጌ ነው የምወጣው» ይላሉ፤ ማንም ፍራንክ አሳይቷቸው አያውቅም።

የለውዝ ችግሩ መበላቱ ነው። ሻምበሉ ሲያስቡ ይበላሉ። ነገሩ ሲከብዳቸው በብዛት ይበላሉ። «ሻምበል፣ ጦርዎን እየበሉት ነው!» ስንላቸው ጊዜ ነው ቆም የሚሉት።

ሦስተኛው ተጫዋች የሒሳብ አስተማሪው ጓደኛዬ ነው። እኔ ነኝ ይዤው የሄድኩት፤ ብቻዬን ፈርቼ። ፖከርን ያስተማረኝም እሱ ነው፤ አስተማሪዎች መዝናኛ ክፍል ውስጥ፣ ጠመኔ በነካው እጁ። ሕጉ ቀላል ነው። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል። ያለው ሰው ይወረውራል፣ የሌለው ይወጣል። ከዚያ የቀሩት ያልፈለጉትን ካርታ ይለውጣሉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ ይወረወራል። ካርታ የሚከፈተው በመጨረሻ ነው፤ ሁሉም ወጥቶ አንድ ሰው ብቻ ከቀረ ግን ምንም ሳይከፍት ይበላል።

«ዋናው ነገር ያለው ሁለተኛው ውርወራ ላይ ነው» አለኝ ጓደኛዬ። «በመጀመሪያ የወረወርከው አንተ ከሆንክ ሰዉ ጥሩ ነገር አለው ብሎ ያስባል። ካርታ ስትለውጥ ባዶ መጣብህ እንበል። ዝም ካልክ ተነቃብህ። ስለዚህ ልክ እንዳለው ሰው ሆነህ ትደግማለህ። አብዛኛው ሰውም የሚረባ ነገር ስለማይመጣለት ይወጣል።»

«ሁልጊዜ ልድገም?»

«በእኔ ላይ ሁልጊዜ። ሻምበሉ ላይ ግን ተው።»

«ለምን?»

«መልሰው ይጨምሩብሃላ! ሰውየው ባዶም ይዘው ይጨምራሉ፤ ሲተኙም ሳይጨምሩ የሚያድሩ አይመስለኝም። እሳቸው ላይ ከመድገምህ በፊት አንድ ነገር ራስህን ጠይቅ። ሲጨምሩብኝ ምን አደርጋለሁ? መልስ ከሌለህ ለውዝህን ይዘህ ቁጭ በል።»

ሌላም ነገረኝ። ስንት ካርታ እንደለወጡ እይ አለኝ። ሦስት ከለወጡ የያዙት ሁለት ተመሳሳይ ብቻ ነው፣ ያኔ ድገም። ሁለት ከለወጡ ሦስት ተመሳሳይ ይዘዋል፣ እንዳትነካቸው። የምር ጥሩ ካርታ ሲመጣልህ ደግሞ ዝም በል፤ ሻምበሉ ራሳቸው እየጨመሩ ያበሉሃል። ሁሉም ገባኝ። ጭንቅላቴ ላይ አልነበረም ችግሩ።

ችግሩ እጄ ላይ ነበር። ሻምበሉ «ጨመርኩ!» ሲሉ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ከጠረጴዛው ጋር እኔም። ጥሩ ካርታ ይዤ እንኳን ስንቴ ጥዬ ወጥቻለሁ። እደግማለሁ፣ ይጨምራሉ፣ እሸሻለሁ። እሁድ በመጣ ቁጥር እንደዚያ ነው።

«አስተማሪ፣ ሸሸህ?»

«ስልት ነው ሻምበል።»

«እኛም ዘንድ እንደዚህ ነበር የሚባለው» ይሉና ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

ስም አወጡልኝ፤ «ሯጩ»። ግን ልብ ብዬ ቢሆን ኖሮ፣ ወደውኝ ነበር። ከጎናቸው ያስቀምጡኛል። ስወጣ ከጓሯቸው ዘይቱን ለቅመው ኪሴን ይሞሉልኛል። አንድ ቀን ሐጂን «ይህ ልጅ አይዋሽም። ባዶ ሲሆን ይሸሻል፤ ከቆመ ግን አለው» ብለዋቸዋል። ሐጂ ይህን እንደ ምሥራች ነው የነገሩኝ፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገብቷቸዋል። እኔ ደግሞ ምን አሰብኩ? ሚስት ሊሰጠኝ የሚችል ሰው ስለ እኔ መልካም ቃል ተናገረ ብዬ በመደሰት ፋንታ፣ «አሃ፣ ከቆምኩ ያምኑኛል ማለት ነው» ብዬ ቃሉን እንደ ጥይት ኪሴ ከተትኩት።

ከእሷ ጋር በዚያ መሃል ተነጋግረናል። በስቴንስሉ ሰበብ፣ በመንገድ ላይ፣ አንዴም ሐኪም ጋራ ሥር ባለው መንገድ በእግራችን ስንሄድ። ሽማግሌ እልካለሁ አልኳት። «ላክ» አለችኝ። ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ግን እስከ ሰፈሯ ድረስ ቦርሳዋን ከእጄ አልተቀበለችኝም። ሽማግሌዎቹን መረጥኩ። ሐጂ ዋናው ናቸው። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ሁለተኛ። የጓደኛዬ አከራይ የሆኑ አዛውንት ሦስተኛ። ቀኑ ለቅዳሜ ተቆረጠ።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት የዋለችው እሁድ ነች ነገሬን ያበላሸችብኝ፤ ወይም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

የዚያን ዕለት ከድሬዳዋ የሻምበሉ የድሮ የጦር ጓደኛ እንግዳ ሆነው መጥተዋል። ሻምበሉ በእንግዳ ፊት ይብስባቸዋል። ሲጨምሩ፣ ሲጮኹ፣ ጓደኛዬን ለውዝ አስጨርሰው ተመልካች አደረጉት። ከዚያ እኔ ዘንድ አስ፣ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክ መጡልኝ። አንድ አሥር ብቻ ቢጨመርበት ተከታታይ አምስት ይሆናል። ወረወርኩ። እንግዳው ወጡ። ሻምበሉ እንደ ልማዳቸው ጨመሩ፣ ተከተልኳቸው። እኔ አንድ ካርታ ለወጥኩ። አሥር አልመጣም፤ አራት መጣ። አራት ከንጉሥና ከንግሥት ጋር ምን ይሠራል? ግብዣ ላይ ሳይጠራ የገባ ሰው ይመስል ነበር። በአጭሩ፣ እጄ ላይ ምንም የለም።

ሻምበሉ ስንት እንደለወጡ አይቻለሁ። ሁለት። ጓደኛዬ ከጀርባቸው ቆሞ ዓይኑን እያፈጠጠ፣ በአገጩ «ተው! ተው!» ይለኛል። መተው ነበረብኝ። ግን ያን ጊዜ ልጅቷ ሳንቡሳ በሳህን ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። መጋረጃውን በትከሻዋ ይዛ ታያለች። ሁልጊዜ የምትሰማው «ሸሸህ?» የሚለውን ነው። ለአንድ ቀን እንኳ ቆሜ ልታይ አልኩ።

ደገምኩ።

«ጨመርኩ!» አሉ ሻምበሉ።

ያለኝን ለውዝ በሁለት እጄ ጠራርጌ ገፋሁት። «ሁሉንም።»

ሻምበሉ አዩኝ። አንድ ለውዝ አንስተው ወደ አፋቸው አስጠጉና መልሰው አስቀመጡት፤ ይህን ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ካርታቸውን ገልብጠው ለሁሉም አሳዩ። ሦስት ዘጠኝ።

«በዚህ አልወጣም ነበር» አሉ ለእንግዳቸው። «ግን ይህን ልጅ አውቀዋለሁ። ከቆመ አለው።» እና ወጡ።

በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ካርታዬን ደፍቼ ለውዜን መሰብሰብ እችል ነበር፤ ሌላው ሁሉ ከወጣ ማንም እንድታሳይ አያስገድድህም። እኔ ግን ቀልደኛ ነኝ። ቀልደኛ ሰው ደግሞ ቀልዱ አፉ ላይ ከደረሰ መዋጥ አይችልም፤ ይታነቃል። ካርታዬን አንድ በአንድ ገለጥኩላቸው። አስ፣ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ ያ አራት። ከዚያ ተነሥቼ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ፣ በእሳቸው ድምፅ፣

«ሻምበል! ጦሩ ወደ ኋላ ዙር!» አልኩ።

እንግዳው ከወንበራቸው ሊወድቁ ደረሱ። «አንተ ሰውዬ! አስተማሪ አባረረህ! ድሬዳዋ ሄጄ ነው የማወራው!» ጓደኛዬ አልሳቀም። ሐጂ አልሳቁም፤ ጨዋታው ሳያልቅ ለውዙን ወደ ላስቲካቸው መሰብሰብ ጀመሩ። ሻምበሉ ካርታዬን ለረጅም ጊዜ አዩትና «ጎበዝ» አሉኝ። ዝግ ብለው። እሳቸው ዝግ ብለው ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ በሩ ዞር ብል መጋረጃው ይወዛወዛል እንጂ ልጅቷ የለችም።

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረኝም። የቆረጥኩትን ቀን ላፈርስ አስቤ ነበር፤ ግን ሐጂ ሽቶ ገዝተዋል፣ ዳይሬክተሩ ክራባት አሠርተዋል፣ አዛውንቱ ጸጉራቸውን ተስተካክለዋል። ሦስት ሽማግሌ እንደዚያ አምሮ ካየህ በኋላ «ተውት» አይባልም።

ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። እኔ ክፍሌ ቁጭ ብዬ መጠበቅ ነበረብኝ። አልቻልኩም። ጀሪካን ይዤ እዚያው ሰፈር ያለ ቦኖ ወረፋ ገባሁ፤ ከሻምበሉ አጥር ብዙም አይርቅም። ሴቶቹ «አስተማሪ፣ ከጀጎል ድረስ ውሃ ልትቀዳ መጣህ?» ይሉኛል። «የዚህኛው ይጣፍጣል» እላለሁ። ያን ጊዜ የሻምበሉ ድምፅ አጥሩን ዘሎ መጣ፤

«ልጄን ለማላውቀው ሰው አልሰጥም! ሂዱና ይህን ንገሩት!»

እኔ ጀሪካኔን ትቼ ሄድኩ። ውሃ ብርቅ በሆነባት ሐረር ባዶ ጀሪካን ትቶ የሚሄድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ለማላውቀው ሰው።» ከዚያ ካርታ ወዲህ አያውቁኝም ማለት ነው፤ «ይህን ልጅ አውቀዋለሁ» ያሉኝን ሰው በእንግዳ ፊት አዋረድኳቸው። እንዲህ ነው የተረጎምኩት። ሽማግሌዎቹ ግን ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

«አብሽር፣ ጥሩ ነው» አሉኝ ሐጂ።

«ምኑ ነው ጥሩ? ጩኸታቸው ቦኖ ድረስ ተሰማ እኮ!»

«አቦ ተው! ሰውየው መቼ ነው ቀስ ብሎ የሚያወራ? ቁጭ በሉ አለን። ሻይ አስመጣልን። ስንወጣ እስከ በር ሸኘን። ሊያባርር የፈለገ ሰው በር ድረስ ይሸኛል?»

ዳይሬክተሩ ክራባታቸውን እያላሉ «የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል የሴት አባት የለም» አሉኝ። «ልጄን የሚወስድልኝ ባገኘሁ ማለት ይመስልበታላ። ይመልሱናል፣ እንመለሳለን። ወግ ነው። አንተም አገርህ ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። እኛ አገር ሽማግሌ ተመልሶ ካልተላከ ልጅቱን ፈልጌያታለሁ ማለት አይቻልም። እህቴን ሊጠይቁ የመጡትን አባቴ በጭቃ መንገድ ሲያመላልሳቸው በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ሁሉ አውቄ፣ የእኔ ግን ሌላ ነው አልኩ። የእኔ ጩኸት የወግ ጩኸት አይደለም፤ የተዋረደ ሰው ጩኸት ነው አልኩ።

«ድገም!» አለኝ ጓደኛዬ።

«ሻምበሉ ላይ አትድገም ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እሱ ካርታ ነው፣ አንተ ደደብ!»

«ሲጨምሩብኝስ ምን አደርጋለሁ? ያቺን እሁድ ለሽማግሌዎቹ ቢነግሯቸውስ? 'የላካችሁ ሰው አታላይ ነው' ቢሉስ?»

«ይበሉ! ሦስተኛ ትልካለህ።»

ባዶ እጄን ሳለሁ ያለኝን ሁሉ የገፋሁ ሰውዬ፣ ሦስት የተከበሩ ሽማግሌ፣ በር ድረስ መሸኘት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ «ላክ» ያለችኝን ልጅ ይዤ ቁጭ አልኩ። በመጪው ሳምንት እልካለሁ አልኩ። በመጪውም ሳምንት እንደዚያው አልኩ። እሁድ እሁድ አሞኛል እያልኩ ከጨዋታው ቀረሁ።

አንድ ቀን የፈተና ወረቀት ይዤ መሥሪያ ቤቷ ሄድኩ፤ ይህኛው እውነተኛ ፈተና ነበር፣ የዓመቱ መጨረሻ። ወረቀቱን ተቀበለችኝና ከመተየቢያዋ ቀና ሳትል፣

«ሽማግሌዎችህ እግራቸውን ታመሙ?» አለችኝ።

ይኸውና። ከዚህ የበለጠ በር ማን ይከፍትልሃል? እኔ ግን ምን አልኩ፤ «ጫማቸው ሊስትሮ ጋ ነው» አልኩ። አልሳቀችም። መተየብ ቀጠለች። እኔም ቀልዴን ይዤ ደረጃውን ወረድኩ፤ በዚያ ደረጃ ስወርድ ከንፈሬን በጥርሴ ነክሼ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ክረምት ሲገባ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠር የሚሄድ ሲጠየቅ፣ አዳራሽ ውስጥ እጁን መጀመሪያ ያወጣው ማን ይመስላችኋል? ዳይሬክተሩ በስብሰባ ላይ ለሌሎች ምሳሌ አድርገው አመሰገኑኝ። ጭብጨባ ሁሉ ነበር። በጭብጨባ መሃል የሸሸሁ ሰው ሳልሆን አልቀርም።

ድሬ ጠያራ ደረሰኝ። ቀን ማሽላቸውን ሲያርሙ የዋሉ ገበሬዎችን ከሰዓት በኋላ ዛፍ ሥር ሰብስቤ ፊደል አስቆጥራለሁ። አንድ ጎልማሳ ተማሪዬ «ኡስታዝ፣ ሚስት አለህ?» አለኝ። «የለኝም።» «ለምን?» «እያሰብኩ ነው።» ሰውየው ጎረቤቱን በኦሮምኛ አንድ ነገር ብሎት ሁሉም ሳቁ። አላስተረጎምኩም።

ሐጂ ያገኙኝ እዚያ ነው። ማሳቸውን ሊያዩ መጥተው ነበር፤ ማሳቸውን ሳያዩ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። በትራቸውን መሬት ተክለው፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሱኝ፣

«ሻምበሉ ሱቄ መጣ» አሉኝ። «ጨው ሊገዛ እንደመጣ ሰው ቆመ። ጨው አልገዛም። 'ያ አስተማሪ ታሟል እንዴ?' አለኝ።»

የጠመኔውን አቧራ ከእጄ አራገፍኩ።

«ገባህ? የሴት ልጅ አባት ነው የጠየቀኝ! ያ ረቢ! ወላሂ ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። ዘመቻ ሄዷል አልኩት። 'ዘመቻ የሄደ ሰው ሽማግሌ መላክ አይችልም?' አለኝ። ምን ልበለው? አንተ የተማርከው ንገረኝ፣ ምን ልበለው?»

«ተቆጥተዋል?»

«ምን ተቆጥቷል! ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ ነው ያወራው። ነገ ጠዋት አብረን እንውረድ፤ እኔ ብቻዬንም ቢሆን እገባለሁ።»

ያን የሚያህል ሰው፣ ያ ጩኸት፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሱቅ በር ላይ ስለ እኔ ጠየቀ። ይህን ስሰማ መሮጥ ነበረብኝ። ግን ነገሩ ይብስ አሳፈረኝ። ከእንግዲህ በምን ፊት? «ዘመቻው ይለቅና» አልኳቸው። ሐጂ አዩኝ፣ አዩኝና በትራቸውን ነቅለው ወደ ማሳቸው ሄዱ። ኪራይ ለመቀበል ካልሆነ በቀር ለረጅም ጊዜ አላናገሩኝም።

በመስከረም ተመለስኩ። ጸጉሬን ተቆርጬ፣ ሸሚዝ አስተኩሼ፣ በቀጥታ እሷ ዘንድ ሄድኩ። በድፍረት ነው የገባሁት፤ የመጣሁት ልልክ መሆኑን ልነግራት ነው። ወረቀት አልያዝኩም። ባዶ እጄን ስታይ መተየቧን አቆመች።

«ሌሎች ሽማግሌዎች መጥተው ነበር» አለችኝ።

«መቼ?»

«በክረምቱ። አባባ መለሷቸው። ደግመው መጡ፤ አሁንም መለሷቸው። ለሦስተኛ ጊዜ ሊመጡ ነው፣ ልከዋል።»

«እኔ ነገ እልካለሁ። ዛሬም ቢሆን። ሐጂ...»

«አውቃለሁ። አባባ ካንተ ጋር ቢሆን አሁንም ደስ ይላቸዋል። የማልፈልገው እኔ ነኝ።»

ወንበር ፈለግኩ። ወንበር አልነበረም። «ለዚያ ካርታ ነው? አባትሽን በእንግዳ ፊት...»

«ካርታው?» ሳቀች፤ በእውነት ነው የሳቀችው። «ለካርታውማ አባባ ሲስቁ ነው የሰነበቱት። 'ያ ሌባ! በሦስት ዘጠኝ አስወጣኝ! ወታደር ቢሆን ይወጣው ነበር!' እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ አውርተዋል።»

«'ለማላውቀው ሰው አልሰጥም' ብለው ጮኹ እኮ፤ ሰምቻለሁ።»

«ለኋለኞቹም ያሉት እሱኑ ነው። ለእህቴ ሽማግሌዎችም እሱኑ ነው ያሉት። ሌላ የሚሉት ያውቃሉ እንዴ?» ጣቷን መተየቢያው ላይ አሳረፈች፤ አልመታችውም። «እማማ ለሁለተኛው ቀን ጠላ ጠምቃ ነበር። ትመጣላችሁ ብላ። ሆመጠጠ። ደፋችው። እኔ ነኝ ጋኑን ያጠብኩት።»

ቀልድ እንኳ አልመጣም፤ ሲፈለግ አይመጣም።

«በአባባ ላይ ደፋር ነህ» አለችኝ። «ያን ቀን ቆሜ አይቼሃለሁ። ደስ ብሎኝ ነው ወደ ጓዳ የሮጥኩት፣ እንዳልስቅ። እኔ ላይ ሲሆን ግን አንድ ጊዜ ጠየቅክና ተኛህ። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ደረጃው ላይ እግር በሰማሁ ቁጥር...» አልጨረሰችውም። «ሂድ በቃ። ሥራ አለብኝ።»

ሄድኩ። ያን ሁሉ ወር ሳፍርበት የኖርኩት ነገር ማፈሪያ አልነበረም፤ ሰውየው ስቀውበታል። ማፈሪያውን ደግሞ ጥንቃቄ ነው እያልኩ ስሠራው ነው የከረምኩት። ይህን ካወቅኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ እስከ ዛሬ ምላጭ ይዤ ጢሜን ስላጭ ያ ጋን ትዝ ሲለኝ ፊቴን እቆርጣለሁ።

በጥር ሠርጓ ሆነ። ሻምበሉ «ያ ሯጭ ይምጣ፣ ድንኳን የሚተክል ሰው ጠፍቷል» ብለው ላኩብኝ። መቅረት ይቻል ነበር? አይቻልም። ሄጄ ገመድ ወጠርኩ፣ አግዳሚ ተሸከምኩ፣ ሳህን አመላለስኩ። ሙሽራው ከእኔ አጭር ነው፣ ያለኝ መጽናኛ እሱ ብቻ ነበር።

ምሳ ተበልቶ ጠጅ ሲዞር የሙሽራው ሽማግሌ ተነሡ። አንደበተ ርቱዕ ሰው ናቸው። «ሦስት ጊዜ!» አሉ፣ ጣታቸውን አውጥተው። «እኚህ ሰው ሦስት ጊዜ አመላለሱን! በመጀመሪያው ጮኹብን። በሁለተኛው ይብሱን ጮኹብን። በሦስተኛው ዝናብ ሲመታን በሩን ከፍተው፣ 'አሁንም አልደከማችሁም?' አሉን። 'አልደከመንም!' አልን። 'እንግዲያው ግቡ!' አሉን!»

ድንኳኑ በእልልታ ተናጋ። ሻምበሉ ተነሥተው፣ ብርሌያቸውን ከፍ አድርገው «ታዲያ ልጄን እንዲያው ልስጥ እንዴ!» ሲሉ የወጠርኩት ሸራ ሁሉ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ሰዉ እየሳቀ ያጨበጭባል። ሙሽራዋ ቬሏን አድርጋ ወደ ጉልበቷ አቀርቅራ ፈገግ ብላለች። ወደ እኔ አላየችም፤ ለምን ታያለች።

ሻምበሉ ሊቀመጡ ሲሉ ሳህን ተሸክሜ ሳልፍ አዩኝ። ፈገግታቸው ወዲያው አልጠፋም፤ ቀስ እያለ ነው የሄደው።

«አስተማሪ፣ በላህ?»

«በልቻለሁ ሻምበል።»

አልበላሁም። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልጠጣሁም።

ከጎናቸው የተቀመጡትን ሰው በክንዳቸው ገፋ አደረጉና ቦታ ለቀቁልኝ። አግዳሚውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ና፣ እዚህ ቁጭ በል።»

«ሳህኑን ላድርስና መጣሁ» አልኳቸው።

ወደ ጓዳ ገባሁ። ሴቶቹን አልፌ በጓሮ በር ወጣሁ። ከኋላዬ፣ ከእልልታው በላይ፣ «ያ ልጅ የት ገባ?» የሚለው ድምፅ ይሰማኛል፤ ደግመው ደጋግመው ጠሩ። አልዞርኩም። ጀጎል በር ስደርስ ነው የሰው ሠርግ ሳህን እጄ ላይ እንዳለ ያየሁት። ይዤው ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ሐጂ ምንም ሳይሉኝ ከእጄ ተቀብለው፣ በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ለሻምበሉ ቤት እሳቸው መለሱልኝ።